የባለሱቁ ዋይፋይ

የምርመራ ውጤቴ ከአዲስ አበባ በኢሜይል እንደሚላክ ከነገሩኝ ቀን ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ናሙናውን የወሰዱት ጡቴ ላይ ካገኙት እብጠት ነው። ሆስፒታል ለዋልኩበት ቀን አብራኝ ለምትኖረው እናቴ «ስልጠና ነበረኝ» ብያት ነበር። ደም ግፊት አለባት፤ እኔም የሚያለቅስ ሰው የማባብልበት ጉልበት አልነበረኝም።

የቤታችን ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔም የፊት ለፊቱ ባለሱቅ የሚያካፍለውን ዋይፋይ ልጠቀም አልኩ። ዋይፋዩ የሚሠራው እሱ የሚሰጠው ፕሮግራም ሲጫን ነው። የላፕቶፔ አንቲቫይረስ ግን አላስገባም አለ። «ይህን ፕሮግራም ያምኑታል?» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ላፕቶፑን ተሸክሜ ሱቅ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ የራሴ ነው እኮ! ፍቀጂለት» አለኝ ስኳር እየመዘነ።

የቤቴን ቁልፍ እሱ ጋ ነው የማስቀምጠው። ፈቀድኩለት።

ከዚያ በኋላ እያስተማርኩ እንኳ ልቤ ላፕቶፑ ጋ ነበር። የእረፍት ደወል ሲደወል ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ የመጣ ነገር የለም። ስለ ጡት ካንሰር አነባለሁ። እዘጋዋለሁ፤ መልሼ እከፍተዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የባለሱቁ ሚስት ብርቱካን ይዛ መጣች። «አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ» ብላ ተቀመጠች። እሷ ሳትነሳ ከባሮ ወንዝ ዳር አሳ እያመጣች የምትሸጥልን አኙዋ ጎረቤታችን ገባች፤ የዛሬውን አሳ እንዲሁ አስቀምጣልን ተቀመጠች። ቀጥሎ የእናቴ የጽዋ ማኅበር ሴቶች መጡ። የኛ ሰፈር ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ ምን አመመሽ አይልም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እናቴ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

ተነስቼ ወደ ሱቁ በረርኩ። «ማን ነገረህ?»

«ፕሮግራሙ ሰው የሚከፍተውን ገጽ ስም ያሳየኛል። ያንቺ ሁሉ የካንሰር ሆነብኝ። ደንግጬ ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኩት» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በኛ ሰፈር ለሚስት ብቻ የተነገረ ነገር ኢታንግ ወረዳ ድረስ ይሰማል። ልሰድበው ሄጄ እንባውን ሳይ ስድቡ ጠፋኝ። ቤት ተመልሼ በንዴት ፕሮግራሙን አጠፋሁት፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ።

እንግዶቹ የሰሙትን ለእናቴ ነግረዋት ሄደዋል። እናቴ ብርቱካን ትልጣለች። አላለቀሰችም።

«የባለሱቅ ሚስት ከእናትሽ ቀድማ ማወቅ ነበረባት?» አለችኝ።

ውጤቱ በኢሜይል እንደሚመጣ፣ ኢንተርኔቱንም እንዳጠፋሁት ነገርኳት። ነጠላዋን አነሳች። «በይ ተነሽ፣ ኔትወርክ ያለበት እንሂድ።»

ባሮ ድልድይ አጠገብ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። ኢሜይሉ ገብቷል። አልከፈትኩትም። እናቴ ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ ስልኩን ለሷ ሰጠኋት።