ለሠርጉ የመጣው በርበሬ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥር፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርግ ላይ ሠርቻለሁ፤ የዚያን ቤት ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ግን አሁንም ቆሽቴ ያርራል። የሚያናድደኝ የሰውዬው ክፋት ብቻ አይደለም፤ የእኔም ዝምታ አለበት።

እኔ የሠርግ ወጥ ሠሪ ነኝ። ትውልዴ እብናት፣ ገጠሩ ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ ከተመለስኩ በኋላ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ በእጄ ሙያ እኖራለሁ። ድሮ የሙሽራዋ እናት ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጥተው "እስቲ ሙያሽን ልየው" ይሉኝ ነበር። አሁን አሁን ደጋሹ ሁሉንም ነገር ላንድ አስተባባሪ ይሰጣል፤ ድንኳኑን፣ ዲኮሩን፣ ቪዲዮውን፣ መኪናውን፣ ምግቡንም። በዚህ ቅር አይለኝም። ታማኝ ሰው ከተገኘ ለደጋሽ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይህኛው አስተባባሪ በስልክ ነው ያገኘኝ። ቢኒያም እለዋለሁ፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። ወጣት ነው፤ አለባበሱ ያማረ፣ አነጋገሩም ደስ የሚል። ለሦስት መቶ ሰው ዶሮ ወጥ እንድሠራ ተስማማን። በርበሬውን እኔ ላዘጋጅ ስለው፣ "ዕቃው ሁሉ ከእኔ ነው፤ አንቺ እጅሽን ብቻ ይዘሽ ነይ" አለኝ።

ሠርጉ እሑድ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከሁለት ረዳቶቼ ጋር ወደ ሙሽራዋ ቤት ሄድን። ጓሮ ውስጥ ድስቶቹን ጥደን፣ ሽንኩርቱን ከትፈን ማቁላላት ጀመርን። ቢኒያም ዘይቱንና በርበሬውን በባጃጅ አምጥቶ አወረደና ድንኳን ተካዮቹን ሊያይ ሄደ።

በርበሬው በማዳበሪያ ከረጢት ነው የመጣው። ስከፍተው ቀለሙ ደም ይመስላል። ሽታ ግን የለውም። ያን ያህል በርበሬ አጠገባችን ተከፍቶ አንዳችንም አላስነጠስንም። በጣቶቼ ሳሸው ሻከረኝ። በብርጭቆ ውኃ ቀድቼ አንድ ማንኪያ ጨመርኩበት። ደህና በርበሬም ትንሽ ይዘቅጣል። ይሄ ግን አብዛኛው ወርዶ ብርጭቆው ሥር ተኛ። ውኃውን ደፍቼ የቀረውን ስነካው አፈር ነው፤ የተፈጨ ሸክላ የመሰለ ቀይ አፈር።

ደውዬ አስመጣሁት።

"ይሄ በርበሬ አፈር አለበት" አልኩት።

ብርጭቆውን አየት አደረገና ወደ ስልኩ ተመለሰ። "ሽንኩርቱ ሲበዛበት ይጠፋል።"

"አፈር የት ይጠፋል? ሰው ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው።"

"ሰው ሠርግ ቤት የሚበላው አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን የበላው አፈር የገደለው ሰው አላየሁም" አለኝ።

አልደነገጠም፤ አላፈረም። እንጨቱን ከድስቱ ሥር ጎትቼ አወጣሁና እጄን ታጠብኩ። "በዚህ አልሠራም" አልኩት። "ተይው፤ ወጥ ሠሪ ሞልቷል" ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።

ጥቂት ቆይቶ የሙሽራዋ እናት እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው ተለዋውጦ ወጡ። ጠዋት ስገባ እየሳቁ የተቀበሉኝ ሴት ናቸው።

"ምን በደልንሽ እታለም?" አሉኝ። "ልጄ ልትዳር ሁለት ቀን ሲቀራት 'ካልጨመራችሁልኝ አልሠራም' ትያለሽ? እንዲህ ይደረጋል?"

ቢኒያም ከኋላቸው ቆሟል። ጭማሪ ጠየቀች ብሎ ነግሯቸዋል። "የገጠር ሰው እንዲህ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይዞ ያስጨንቃል" ሲልም በጆሮዬ ሰማሁት።

ዐረብ አገር ሳለሁ ባልሠራሁት ነገር ተወንጅዬ፣ ቋንቋው ስላልበቃኝ ዝም ያልኩበት ቀን ነበር። እዚህ ግን ቋንቋው የእኔ ነው። "እትዬ፣ ቢቆጡኝም ግድ የለም፤ መጀመሪያ ግን ይህን በእጅዎ ይንኩት" ብዬ ብርጭቆውን ሰጠኋቸው።

ከሥሩ ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። ደጋግመው አሹት። አጎንብሰው ከከረጢቱ ዘገኑና አሸተቱ። ከዚያ ባለቤታቸውን ጠሩ።

አባትየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ዝግ ያሉ ሰው። አይተው ሲያበቁ "ይሄ ምንድን ነው ልጄ?" ብለው ቢኒያምን ጠየቁት።

"ነጋዴው አታሎኝ ነው ጋሼ። እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው" አለ፣ እዚያው እኔ ፊት። ቅድም "የገደለው ሰው አላየሁም" ያለኝ አፍ ነው ይህን የተናገረው። እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ጥሩወርቅ ክርክሩን አልጠበቁም። ነጠላቸውን ደርበው ጎረቤት ለጎረቤት ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ በጣሳ፣ በሳህን፣ በፕላስቲክ ዕቃ በርበሬ ይዘው ይመጡ ጀመር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤት ለዓመት ያስቀመጡትን ከነዕቃው አምጥተው፣ "እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ትንሽ ይበቃኛል" ብለው አጠገቤ አኖሩት። አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ኮረሪማ በዝቶበታል፣ ሌላው ጠቆር ብሏል። ጾም ስለነበር መቅመስ አልቻልኩም፤ በአፍንጫዬና በእጄ እየመዘንኩ ደባለቅሁት።

እሳቱን እንደገና ሳቀጣጥል አባትየው ጠጋ አሉኝ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ግን ነገሩ ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። የሙሽራው ወገን 'አፈር ሊያበሉን ነበር' ቢል ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ትኖራለች። ዝም አይነቅዝም" አሉኝ። አስተባባሪውንም ሊያባርሩት አልቻሉም፤ ድንኳኑም፣ መኪናውም፣ ቪዲዮውም በእሱ እጅ ነው። እሺ አልኳቸው። ለጎረቤቶቹም በርበሬ ስላነሰ ነው ተባለ።

እሑድ ወጡ አምሮ ቀረበ። ሰው በልቶ ሲጠግብ የፕሮግራም መሪው ማይኩን ይዞ፣ "እንዲህ ያለ ምግብ ላቀረበልን ለአስተባባሪያችን ጭብጨባ" አለ። ቢኒያም ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ። እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ወጥ ሠሪ ከጓሮ መዋሏን ለምጄዋለሁ፤ ስሜ እንዲጠራልኝም አልጠበቅሁም። እኒያ የዓመት በርበሬያቸውን የሰጡ ጎረቤት ግን ምንም ሳያውቁ ለእሱ ሲያጨበጭቡ ሳይ እንባዬ መጣ።

እትዬ ጥሩወርቅ አላጨበጨቡም። ትንሽ ቆይተው ወደ ጓሮ መጡና ሁለት እጄን ይዘው፣ "ዓርብ ዕለት የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ" አሉኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ። የነገሯቸውን ነው ያመኑት።

ጥር ሳያልቅ ቢኒያም ሌላ ሦስት ሠርግ አስተባበረ። እኔን አልጠራኝም። ማን እንደሠራለት፣ በርበሬውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ቃል ገብቼ ስለነበር ዝም አልኩ።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የማላውቃቸው ሴት ከሐሙሲት ደወሉልኝ። ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። "የጥሩወርቅን ልጅ ሠርግ ወጥ በልቼ ነበር፤ ጣዕሙ ከአፌ አልጠፋም" አሉኝ። "በዚያ ምክንያት አስተባባሪውን ልቀጥረው ነው። ወጥ ሠሪዋ አንቺ ነሽ ሲሉኝ ስልክሽን አፈላልጌ አገኘሁ። እንደዚያው አድርገሽ ትሠሪልኛለሽ ልጄ?"

ጎረቤት አዋጥቶ ያዳነው ወጥ ለእሱ ማስታወቂያ ሆኖለታል። ለአባትየው የሰጠሁትን ቃል አሰብኩ። ከዚያ "እናቴ፣ ሰውየውን ከመቅጠርዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት" ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

ወሬው ተመልሶ ደብረ ታቦር ደረሰ። አባትየው ተቀይመውኛል ሲሉ ሰማሁ። አልፈርድባቸውም፤ ቃሌን አፍርሻለሁ። ቢኒያም በሄደበት ሁሉ ስሜን ያጠፋል። አሁንም የሚቀጥረው ሰው አለ። ዲኮሩ ያምራል ይላሉ።

ሠርግ የምትደግሱ ሰዎች፣ አስተባባሪ ስትመርጡ የሚያሳያችሁን የአበባ ፎቶ አይታችሁ አትመለሱ። አብረውት የሠሩትን ወጥ ሠሪዎችና ድንኳን ተካዮች ፈልጋችሁ ጠይቁ። የሚጠይቀን የለም እንጂ ጉዱን የምናውቀው እኛ ነን።

ቃሌን በማፍረሴ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ዝም ብዬ ያሳለፍኳቸው እነዚያ ሦስት ሠርጎች ናቸው። አንዳንዴ ገበያ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ሳይ፣ ከሦስቱ በአንዱ ሠርግ ላይ በልታ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሄጄ እንዳልጠይቃት ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?