ጉና ሲወጣ የሚለግመው እርሳስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ደብረ ታቦር ወዳለችው የሰዓት መጠገኛዬ መጥታ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ የነሐስ እርሳስ ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ጭንቅላቱን ሲጫኑት ሊዱን፣ ማለት ቀጭኑን የመጻፊያ ዘንግ፣ የሚገፋ ከበድ ያለ የድሮ ዕቃ ነው። ሴትዮዋን አላውቃትም። እርሳሱን ግን በጨለማም ብዳስሰው አልስተውም፤ የጉና ተራራው አናጢ የአያ ደሴ ነው።

እርሳሱ መጀመሪያ እጄ ሲገባ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ቤት ስለዋለ ጠረጴዛውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሴት ልጅ ሰዓት ስትፈታ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ከሚያሠራኝ ይበዛል። አጎቴ ደግሞ ጠረጴዛዋን ተመኝቷታል። አባቴ በግልጽ ነገረኝ፦ "አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ከተመለሰብሽ እጅሽ ገና አልተፍታታም ማለት ነው። ለአጎትሽ እለቃለሁ።"

የአያ ደሴ እርሳስ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የሚሠሩትን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚነድፉበት ነው። ጉና ላይ ሊዱን አልለቅም ይላል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ ይታዘዛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይህ ግን የሚሞኘው አገር መርጦ ነው። ሁለቴም ፈትቼ ሊዱን የሚነክሱትን ጥርሶችና ሞላውን በነጭ ጋዝ አጠብኩ። ብጫ ቅባት ወጣው፤ የማሽን ግራሶ መሰለኝ። እጄ ሁልጊዜ ነጭ ጋዝ ስለሚሸት ሽታውን አልለየሁትም።

ዐቢይ ጾም እንደገባ የጉና ገበያተኞች "ዛሬም ለግሟል፤ ለቅዳሜ ሊልኩልሽ ነው" አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሬ ወጣሁ።

ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነበር። አያ ደሴ በሁለት እጃቸው የጣሪያ ወራጅ እንጨት ይዘው ይለካሉ፤ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተውታል። ተቀብዬ ብጫነው እምቢ አለ። ብብቴ ሥር አቆይቼ ብጫነው ለቀቀ። ፈታሁት፣ ቅባቱን በጣቴ አሸሁና አሸተትኩ። ቅቤ! ያውም በጾም። ለካ እርሳሱን የሚያስለግመው ጉና ብርድ ላይ የረጋ ቅቤ ኖሯል።

የተቀቀለ ድንችና ጨው ይዘው የመጡት ሚስታቸው እትዬ ጥሩ ሳሸትት አዩኝና ፊታቸው ጠቆረ። ባላቸው ዘወር ሲሉ ጎንበስ አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። ከከተማ በመጣ ቁጥር ደርቆ ሳየው አዘንኩለት። ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ ይለሰልስ የለ? ለካ ሲለኩ በአፋቸው ነው የሚይዙት። ጾማቸውን ሻርኩባቸው! አደራሽን፣ አትንገሪብኝ።"

ጨነቀኝ። እውነቱን ብናገር ስሜ ይነጻል፤ ጠረጴዛዬም ይተርፋል። የእትዬ ጥሩን ፊት እያየሁ ግን አፌ እምቢ አለ።

አያ ደሴ ተመልሰው "እህሳ፣ ሕመሙ ታወቀ?" አሉ።

"ብርዱ ነው፣ አያ። ሳይጽፉበት በፊት ብብትዎ ሥር ያሙቁት። አፍዎ ግን አያስገቡት፤ ምራቅ ሞላውን ያዝገዋል።"

"ምራቅ ነው?"

"ምራቅም አለበት።"

ትክ ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። ለእትዬ ጥሩ ደግሞ ደረቀ ካሉ የሊድ ዱቄት ብቻ እንዲነሰንሱበት በጆሯቸው ነገርኳቸው። እርሳሱም ዳግመኛ አልተመለሰም፤ ጠረጴዛዋም የእኔ ሆና ቀረች።

ይኸው ባለፈው ሳምንት፣ እርሳሱን ባመጣችው ሴት፣ በልጃቸው ፊት ፈታሁት። ውስጡ ደረቅ የሊድ ዱቄት ነው፤ ቅቤ የሚባል የለም።

"አባባ ሊያርፉ ሲሉ ነው ያዘዙኝ" አለች። "'እርሳሱ የሰዓት ሠሪዋ ይሁን። ቅቤውን ገና በመጀመሪያው ቀን ቀምሼዋለሁ በያት' አሉ። እናቴ ቀደም ብላ ነው ያረፈችው።"

"ታዲያ ለምን ሁለቴ ላኩብኝ?"

"እናቴን ከማሳፈር እርሳሱን ማሳጠብ ይሻላል ብለው ነዋ!"

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ። ለካ ያን ቀን እርሳሱን ጆሯቸው ላይ የሰኩት ቅቤውን አውቀው፣ ጾማቸውን እንዳይሽሩ ኖሯል። አንዲት ሴት እንዳታፍር እኔና አያ ደሴ ሳንነጋገር ስንደብቅላት ነበር፤ እሷም ሳታውቅ አረፈች። እርሳሱ ከመሳቢያዬ አለ፣ ሰዓት ስቀበል እጽፍበታለሁ። አያ ደሴን አንድ ነገር ብቻ ብጠይቃቸው እወድ ነበር፦ ለሦስተኛ ጊዜ ልከውት ቢሆን ኖሮ፣ እኔንስ ማን ሊሸፍነኝ ነበር?