አሥራ አንድ ደቂቃ

ከጎባ ሮቤ በሚኒባስ እየተመላለስኩ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተርና ካሜራ እጠግናለሁ። ያኔ ሰው ምንም ነገር አየሁ ቢለኝ አላምንም ነበር፤ ቪዲዮውን አምጡ የምል ደረቅ ነበርኩ።

አንድ ዓርብ፣ ለጁምዓ ሲባል በሚረዝመው የምሳ እረፍት፣ ከላቦራቶሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ጠፋ። ሰኞ የአስተዳደር ኃላፊዋ የዕለቱን ቅጂ አስከፈቱኝ። በኮሪደሩ ካሜራ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሽማግሌው ዘበኛ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር ሸጉጠው በላቦራቶሪው ደጅ ያልፋሉ። በግቢው በር ካሜራ፣ ያው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ እኚሁ ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አጫወትኳቸው። አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ተቀምጧል። በኮሪደሩ መስኮት ዝናብ ይወርዳል፤ በሩ ላይ መሬቱ ደረቅ ነው። የተቀመጡት ቀስ ብለው ቀና አሉና ካሜራውን አዩት። ክፍሉን ስታጸዳ የነበረችው ሴት "በስመአብ!" ብላ መጥረጊያዋን ጥላ ወጣች። እኔም መሳቅ አልቻልኩም።

ሽማግሌው ጡረታ ለመውጣት ወራት ቀርቷቸዋል። በሌብነት ከተባረሩ ያ ሁሉ ዘመን ገደል ገባ ማለት ነው። "ወላሂ፣ መስገጃዬ ነው" አሉ። "ጓሮ ሣሩ ላይ አስጥቼው ነበር። ዝናቡ ሲጀምር አንስቼ በኮሪደሩ አቋርጬ መጣሁ።" ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ግራ ገባው። በሩ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ኮሪደር ውስጥ የሚሄዱትን ሰውዬ አስጥለዋቸው ነበር።

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። አላስችል አለኝ።

መቅጃው ቪዲዮውን አሥር አሥር ደቂቃ እየቆረጠ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በጀመረበት ሰዓት ይሰይመዋል። ሰዓቱን የሚያገኘው ከካሜራው ነው፤ ካሜራዎቹ ደግሞ ኢንተርኔት ስለሌላቸው ሰዓታቸውን የሚያርምላቸው የለም። የበሩን ቁራጮች በተራ ከፈትኩ። ሰባት ከሠላሳ የሚለው ውስጥ አንድ ትልቅ እጅ ድንገት መጥቶ በሩን ሸፈነው። ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። እጁ የእጅ ሰዓት ይዟል። ትንሽ ቆይቶ አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አወቅሁት፤ የእኔ ነው።

ትዝ አለኝ። ያን ዓርብ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ሰዓቴን ከካሜራው ጋር ሳስተያይ የካሜራውን አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድሞ አገኘሁትና ወደ ኋላ መለስኩት። የኮሪደሩ ትክክል ነበር። እንግዲያው ሽማግሌው በሩ ላይ የተቀመጡት ሰባት ከዘጠኝ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ሁለት ሰው የለም። ማስረጃቸውን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

የባሰው ሌላ ነው። ሰዓቱን ወደ ኋላ ስመልሰው መቅጃው ሰባት ከሠላሳ የሚባለውን ቁራጭ እንደገና ጀመረ፤ በፊተኛው ላይም ጻፈበት። የጠፋው ሽማግሌው ከኮሪደሩ ወጥተው በሩ ላይ የደረሱበት፣ የያዙት ነገር ሊታይ ይችል የነበረበት ነው።

ሄጄ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ በመገረም አዩኝ።

"ልጄ፣ ካሜራው ምን ያደርግልኛል? አንተ ነበርክ እኮ! ከእግርህ ሥር ነው ያራገፍኩት። ከዚያ መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ማሰብ ጀመርኩ። የካሜራውን ቁጥር አስታወስኩ። የሰዓቴን የሰከንድ ቆጣሪ አስታወስኩ። እሳቸውን ግን ፈጽሞ አላስታወስኩም። አፈርኩ።

ኮሚቴው ፊት ስለ አሥራ አንዱ ደቂቃም ስለጠፋው ቁራጭም ሁሉንም ተናገርኩ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው "አንተስ፣ መስገጃውን ሲያራግፉ አይተሃል?" አሉኝ።

"አይቻለሁ" አልኩ። ጽፌም ፈረምኩ።

ሽማግሌው በሰላም ጡረታ ወጡ። ማይክሮስኮፑ አልተገኘም። መጀመሪያ ሰሞን ውሸቴ እንቅልፍ ነሳኝ፤ አሁን የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። አሁን አየዋለሁ። መሰላሉ ላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ያራግፉታል፣ ውሃው ሱሪዬን ይረጨኛል። መስገጃው አረንጓዴ ነው፤ አንዱ ጥጉን እሳት በልቶታል።

ቀለሙን ጠይቄያቸው አላውቅም።