ከላይኛው መደርደሪያ የሚወጣው ፈተና

አባቴ መጽሐፍ ሲገዛ በግ የሚገዛ ይመስላል። ያገላብጠዋል፣ ጥራዙን ይዳብሳል፣ የመጀመሪያውን ገጽ ቆሞ ያነባል፣ ሻጩን ከማን እጅ እንደገዛው ይጠይቀዋል፤ በመጨረሻም መልሶ ያስቀምጠዋል። ከተማው ውስጥ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሁሉ ያውቁታል፤ ከሩቅ ሲያዩት ፊታቸውን የሚያዞሩም አሉ። በሦስት ወር አንዴ ምርጫውን ያለፈ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ቤተሰቡ ሳሎን ይሰበሰባል፤ አባቴ ስለ መጽሐፉ ይናገራል፤ እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማለን። ከዚያ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። ሲወርድ ያየሁት ለአቧራ ጠረጋ ነው።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መቐለ የቀረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። እናቴ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። በጦርነቱ ጊዜ ከሰፈራችን ከሓድነት ወደ ዘመድ ቤት ስንሸሽ እሷ ዱቄት ተሸከመች፤ እሱ ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ ሦስት መጻሕፍት አውርዶ በነጠላ ጠቅልሎ ያዘ። ዱቄቱ በሁለት ሳምንት አለቀ። መጻሕፍቱ ማንም ሳይነካቸው ወደ ቤት ተመለሱ። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ በየምክንያቱ ታነሳዋለች፤ እውነቷን ነው።

ከሦስቱ የሚበልጠው ስለ አንድ ዳኛ የተጻፈ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ዳኛው የገዛ ወንድሙ ተከሶ ይቀርብለታል። አባቴ ስለዚህ መጽሐፍ ሲናገር ድምፁ ይቀንሳል። «ዳኛው የሚሰጠው የመጨረሻው ፍርድ!» ይላል፤ «እሱን ያላነበበ ሰው አንብቤያለሁ አይበል።» እኔም ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ ይህንኑ ለተማሪዎቼ እላለሁ። ከአዲስ አበባና ከጅማ የመጡ ልጆች ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል።

እህቴ ለጋብቻ ስትደርስ አባቴ አንድ ሕግ አወጣ። ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይህን መጽሐፍ ይወስዳል፤ አንብቦም ሽማግሌዎቹ ፊት ይመልሳል። ሰው ጥሎሽ ሲጠየቅ እኛ ንባብ ጠየቅን፤ በዚህም ኮራን። እህቴ ዓይደር አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ሕጉ ቀልድ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው የባንክ ሠራተኛ ነበር። መጽሐፉን በሳምንት መለሰና ስለ «ደምና ሕግ ግጭት»፣ «እስከ መጨረሻው ፍርድ ድረስ ልብ ስለሚሰቅለው ጉዞ» ሳያቋርጥ ተናገረ። አባቴ እንባው መጣ። እኛ የምናስበውን አንድ በአንድ ነበር የተናገረው። እህቴ ግን አልወደደችውም። አንድ ወር ሙሉ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ። እንዲህ የገባው ሰው ሁለተኛ አይገኝም አልኳት፤ ዕድሜዋንም አነሳሁባት። አለቀሰች እንጂ እሺ አላለችም፤ ሰውየው ሌላ አገባ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ማንም አልመጣም።

በዚህ ዓመት አንድ ሰው ይዛ መጣች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ ጨርቅ ቆራጭ ነው። አባቴ ሥራውን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ፤ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ የዋለ ሰው ማታ ለንባብ ምን ዓይን አለው አለ። እኔም ሳቅሁ። እህቴ አልሳቀችም። እሱ ከወደቀ ሌላ ሰው እዚህ ቤት እንደማታመጣ፣ ብቻዋን እንደምታረጅ ነገረችን።

ሰውየው መጽሐፉን ለአርባ ቀን ያህል ይዞት ጠፋ። አባቴ ይህንን እንደ ውድቀት ቆጠረው። ከዚያ አንድ እሑድ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጣ፤ መጽሐፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞታል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይጀምሩ ሰውየው ቀረብ ብሎ መጽሐፉን በሁለት እጁ ለአባቴ ሰጠው።

«አቦይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ከመቶ ስልሳኛው ገጽ በኋላ ያሉት፣ እስከ መጨረሻው፣ ማተሚያ ቤት ሳይቆርጣቸው የቀሩ ናቸው፤ ከላይ ተያይዘው ነበር። ሳላስፈቅድ ነው ጠርዛቸውን ቆርጬ የለያየኋቸው። ፊደል ግን አልነካሁም።»

ሽማግሌዎቹ ጥንቃቄውን አመሰገኑ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቋን እንደያዘች ትከሻዋ ያስታውቃል። አባቴ ገጾቹን ገለጠ። መጽሐፉ ቤታችን በኖረበት ሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍተዋል።

ሌላ ቅጂ አንብቤ ነበር ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ «ፍርዱስ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው ፈተናው የተጀመረ መሰለው። ቀጥ ብሎ ቆመ። «ፍርድ የለም፣ አቦይ» አለ። «ዳኛው ፍርዱን ሳይሰጥ ታሞ ይሞታል። ወንድምየውም ምን እንደሆነ አይነገርም። እውነቱን ለመናገር መጨረሻው አላማረኝም፤ ደራሲው የደከመው ይመስለኛል።»

«ከዚያስ?» አለ አባቴ።

«ከዚያማ አለቀ።»

አባቴ መጽሐፉን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ እንኳ ሳይል ልጄን ሰጥቻለሁ አላቸው። ሦስቱም ያዘጋጁትን ንግግር ሳይናገሩ በመቅረታቸው ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ምርቃት ሆነ፤ እናቴ እልል አለች።

በግርግሩ መሐል መጽሐፉን አንሥቼ ጀርባውን አየሁት። ደምና ሕግ፣ ልብ የሚሰቅለው ጉዞ፣ የመጨረሻው ፍርድ፤ ሁሉም እዚያ ሽፋኑ ላይ ታትሟል። የባንክ ሠራተኛው ንግግር ነው፤ የአባቴም ነው፤ ለተማሪዎቼ የማስጽፈውም እሱው ነው።

እህቴ ከኋላዬ መጥታ በትከሻዬ በኩል አነበበችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ሰውዬ አግቢው እያልክ ስታስለቅሰኝ ከርመሃል» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሺ ብልህ ኖሮስ?»