ኮርቻ የሚያውሰው ሙዚየም

ሮቤ፣ ንጋት

የሲናና ንፋስ ካድሬና ተራ ሰው አይለይም፤ ሁላችንም አውቶቡሱ ውስጥ እኩል እንንቀጠቀጣለን። ጋዜጣዬ የላከኝ ጎባ ስለተከፈተው ሙዚየም አሞግሼ እንድጽፍ ነው። ቤቱ የድሮው አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ባቡር ባሌ ደርሶ ስለማያውቅ፣ በታሪካዊ ጣቢያነት የሚጠራ ያለን እሱ ብቻ ነው።

«ሙዚየም ወራጅ አለ?» ይላል ረዳቱ።

ጎባ፣ ረፋድ

የትኬት መስኮቱ አሁንም አለ፤ ከኋላው ጋሻ፣ የወተት ጮጮና ትልልቅ ድስት ተደርድሯል። አግዳሚው ላይ ሁለት ሴቶች የደሎ መናን መኪና ይጠብቃሉ። ጣቢያው መዛወሩን የነገራቸው የለም።

አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን በር ላይ አስረው ገቡና ከመደርደሪያው ኮርቻ አነሱ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ጮኸ የሙዚየሙ ጠባቂ ደረጀ።

«ልጄ ዛሬ ታገባለች። እናቷ እኔ ቤት የገባችው በዚህ ኮርቻ ነው። ነፍሷ ሳትወጣ ቃል አስገብታኛለች።»

«ለሙዚየሙ ሰጥተውታል እኮ!»

«እድሩ ዕቃ ሲሰበስብ ሰጠሁ። አሁን ተራዬ ደረሰ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ድስቱም ኮርቻውም ከየቤቱ ተሰብስቦ አንድ ክፍል ሲቆለፍበት፣ የእድር ዕቃ ቤት መስሏቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ በምረቃው ቀን ከተደረገው ንግግር ሁሉ የእሳቸው ይሻላል።

«የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው» አለ ደረጀ፣ የሸመደደውን።

«ያ ኢልመ፣ አንተ ልጅ፣ ልጄስ ሕዝብ አይደለችም?»

ድምፃቸው ተሰበረ። ደረጀ አለቃው ቢሰማ እንጀራው ይቆረጣል፤ ላቡን ጠረገ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ ከዚያ ሴቶቹን አስወጥቶ በሩን ቆለፈ።

«ከኮርቻው ግን አልለይም!» ብሎ ተከተላቸው።

ወደ ሮቤ ስመለስ፣ አመሻሽ

ሰርገኛ መንገዱን ሞልቶ አውቶቡሳችን ቆመ። ሙሽራዋ በእናቷ ኮርቻ ላይ ጉብ ብላለች። ልጓሙን የያዘው ደረጀ ነው፣ እስክስታ እየወረደ። ኦቦ ቱፋ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ መስኮቴ መጡ።

«ነገ እንመልሳለን! አንተም ዕቃ አምጣ፣ አባል ትሆናለህ!»

ደረጀን አየሁት፤ አላረማቸውም። ባርኔጣዬን አውልቄ በመስኮት ሰጠኋቸው።

ሮቤ የገባሁት ብርዱ ጭንቅላቴን እየጠዘጠዘኝ ነው። ቀን ወጥቶልኝ ያገባሁ እንደሆነ ግን ኮርቻ አላጣም።