ባና የለበሰው ሰርቨር

መሐል ሜዳ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታዬ ካቻቢቴ አልሰጡኝም። ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ሳትጽፊ እንዳትነቅይ» አሉኝ። የቱ ገመድ ከየት እንደወጣ፣ የቱ ሃርድ ዲስክ ከስንተኛው ቦታ እንደተሳበ መጻፍ ነበረብኝ። ካቻቢቴ የጨበጥኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ እንደተናደድኩ ነበር።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የምንጠግነው በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ፕሪንተር ነው፤ የቀረው ጊዜያችን ከፍላሽ ላይ ቫይረስ በማጥፋት ያልቃል። ስለዚህ አንድ ቀን «የየኔታ ሰርቨር ቀይ መብራት አበራ» ተብለን ስንጠራ ሳቅሁ። በመኖሪያ ቤት ሰርቨር?

እውነትም ነበር። የኔታ የታወቁ የዜማ መምህር ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ከመዘጋቱ በፊት፣ አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዜሙ ቀድቷቸዋል። የተቀዳውን አራት ሃርድ ዲስክ በሚይዝ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ እልፍኛቸው መደርደሪያ ላይ ተክሎላቸዋል። ተማሪዎቻቸው ከዚያ እየሰሙ ያዜማሉ፤ የኔታ አጠገባቸው ተቀምጠው በእጃቸው ያርማሉ። ሌላ ቅጂ የለም።

አሠራሩ አስገረመኝ። ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ቢሞት ሦስቱ ተጋግዘው የጎደለውን በአዲሱ ላይ መልሰው ይጽፉታል። ጽፈው ሳይጨርሱ ሁለተኛ ከሞተ ግን ሁሉም ይጠፋል። የሞተውን ከነመሳቢያው ሳብኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ አዲስ ተካሁ። የየኔታ ባለቤት እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ይሄ ነገር ምንድን ነው ልጄ?»

«የየኔታ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ነው እትዬ። በደንብ ይጠብቁት» አልኳቸው። ባልኩት ነገር ኮርቼ ወጣሁ።

በሁለት ወሩ ሌላ ዲስክ ሞተ። ጋሽ ታዬ «መብራቱ ነው» አሉ፤ መብራት በየቀኑ ይሄድ ነበርና። ነገር ግን ሳጥኑ መብራት ሲሄድ የሚይዝለት ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ አለው። ዲስኩን ቀይሬ ፋኑን በብሩሽ ስጠርግ ጥቁር የበግ ፀጉር ተጠቅልሎበት አገኘሁ። እትዬ ዘነበችን እዚያ ክፍል ውስጥ ፀጉር ይፈተል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ኧረ የለም» አሉ። ደብተሬ ላይ «የበግ ፀጉር። ከየት?» ብዬ ጻፍኩ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ከዚያ ልጃቸው አራት ትልልቅ አዲስ ዲስኮች ላከ፤ የተማሪዎቹም ዜማ እየተቀዳ ስለሚጨመርበት ነባሮቹ ሊሞሉ ተቃርበው ነበር። ቅየራው ተራ በተራ ነው፦ አንዱን ትቀይራለህ፣ ተጽፎ እስኪያልቅ ከአንድ ቀን በላይ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትነካለህ። የመጀመሪያውን ማክሰኞ ጠዋት ተከልኩ። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝምና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ።

መደርደሪያው ላይ ሳጥኑ አይታይም። በአራቱም ጎን በደንብ ተሸጉጦ ባና ለብሷል፤ ያ ወፍራሙ የመንዝ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ። ስገልጠው ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። የሁለተኛው ዲስክ መብራት ቢጫ ሆኗል፤ ሊሞት ነው ማለት ነው። ጽሕፈቱ ገና አንድ አራተኛ ይቀረዋል። ሮጬ መስኮቱን በረገድኩት።

«ምነው ልጄ! ብርድ ልታስመቺው ነው?» እትዬ ዘነበች ደነገጡ።

«ማን ነው ያለበሰው እትዬ?»

«እኔ ነኛ! ድምፃቸው እዚህ ነው አላልሽኝም? እሳቸውን ለዚህ ያበቃቸው ብርድ ነው። ሲመሽ አለብሰዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ሊመጡ ሲሉ እገልጠዋለሁ።»

ልቆጣ አፌን ስከፍት «በደንብ ይጠብቁት» ያልኩት ትዝ አለኝ። አፈርኩ። ማሽኑ የራሱን ሙቀት ማውጣት እንዳለበት፣ ሲሸፈን በራሱ ሙቀት እንደሚቃጠል ነገርኳቸው። መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ ድምፃቸውን የገደልኩት?»

«ገና አልሞተም» አልኩ። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ፈርቼ ነበር።

የመሐል ሜዳን ውርጭ እንደዚያ ጠዋት ወድጄው አላውቅም። እትዬ ዘነበች በነጠላ ይንቀጠቀጣሉ፤ ባናውን ግን ሊነኩት አልፈለጉም። የኔታ ገብተው ሁለታችንንም አዩን። ባናውን አንስተው ባለቤታቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና በትንፋሽ ብቻ፣ «የሚበርዳትስ እሷን ነው» አሉኝ።

እኩለ ቀን ላይ ቢጫው ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አራቱም አረንጓዴ ሆኑ። የኔታ ራሳቸው የተቀዳውን ከፈቱት፤ ያ ሙሉ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እትዬ ዘነበች ባናው ውስጥ ተሸፍነው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

የቀሩትን ሦስቱን መስኮት ከፍተን ቀየርን። አዲስ ቅጂ አዘጋጅቼም ለልጃቸው ላክሁ። ደብተሬ ላይ «ከየት?» ካልኩት ሥር «ከእኔ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ቤት ማሽን ጠግኜ ስጨርስ «እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን ታደርጉለታላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱንም እጽፋለሁ።