ጫማቸውን ያወለቁት ሽማግሌ

ፍኖተ ሰላም ወዳለው የአረጋውያን መዋያ እናቴን ላደርስ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ገበጣ ሲጫወቱ አያቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን ጠይቄ አላውቅም። ጠጠሩን ሲያነሡ እንኳ ዘር እንደሚዘራ ሰው እፍኛቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

በሚሌኒየሙ ዓመት መዋያው አረጋውያኑን ለሽርሽር ወደ ቡሬ ሲወስድ እኔም እናቴን ይዤ ሄድሁ። ሽማግሌው አውቶቡሱ ውስጥ ከፊታችን ተቀምጠዋል። የመዋያው አስተባባሪ ያደለቻቸውን ቢጫ ካናቴራ ከአሮጌ ኮታቸው በላይ አጥልቀዋል፤ ጀርባው ላይ «ልማታችንን እንጎብኝ» ይላል። ሽማግሌ ላይ እንዲህ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ማየት ያበግናል።

አውቶቡሱ አዲስ በታጠረ የመጋዘን ግቢ አወረደን። አስጎብኚው «ይህ ሁሉ ጠፍ መሬት ነበር፤ ሰው አልነበረበትም» ሲል አረጋውያኑ አጨበጨቡ። እሳቸው አላጨበጨቡም። ጎንበስ ብለው ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁና በብብታቸው ይዘው፣ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው፣ ከመጋዘኑ በር ፊት ያለው ሲሚንቶ ላይ ሄደው ቆሙ።

«አባባ፣ ፎቶ ልንነሣ ነው፤ ጫማዎን ያድርጉ እንጂ» አለች አስተባባሪዋ።

«ልጄ፣ ይሄ አውድማዬ ነበር። አውድማ በጫማ አይረገጥም።»

«እርጅና ነው» ብላ ወደ አስጎብኚው ዞራ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ዕድሜ ልካቸውን እህል የወቁበትን ቦታ ጠፍ ነበር ብሎ የሚያስጨበጭበው ጤነኛ፣ ጫማ ያወለቁት እሳቸው ግን ጃጅተዋል ማለት ነው።

ፎቶው ዛሬም መዋያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባዶ እግራቸው እንዳይታይ ከኋላ አቁመዋቸዋል።